ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ልስኑን እንዴት እናዘጋጅ?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ከመታጠቢያ ቤት የሆነ ነገር ሲፈርስ ሰማሁ። ሌባ መስሎኝ የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ገባሁ። ሦስት ሴራሚኮች ወለሉ ላይ ተሰባብረው ተኝተዋል። ከተለጠፉ ስምንት ወር እንኳ አልሞላቸውም።

ጠዋት ስብርባሪውን ስለቅም አንዱን ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ላይ ሙጫው አለ። ሙጫው ላይ ደግሞ እንደ ቆዳ ተገሽልጦ የመጣ ክሬም ቀለም አለ። ሙጫው ሥራውን ሠርቷል። ሴራሚኩንም አልለቀቀም፣ ቀለሙንም አልለቀቀም። ግድግዳውን የለቀቀው ቀለሙ ነው።

ሠሪው ሥራ ሲጀምር «ቀለሙ አይነሳም ወይ?» ብዬው ነበር። «ችግር የለም፣ ሴራሚኩ ይሸፍነዋል» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ሄድኩ። አሁን ሳስበው እሱ ላይ ብቻ አልፈርድም። ሴራሚክ ሠሪ የሚከፈለው በካሬ ነው። ግድግዳ ሲፍቅ የዋለበት ቀን በካሬ አይቆጠርለትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ከመዶሻም ከመሮም በፊት ይመጣል። የዝግጅቱን ዋጋ ከመለጠፉ ዋጋ ለይታችሁ ተነጋገሩ። አለበለዚያ «ይሸፍነዋል» የሚለውን ቃል መስማታችሁ አይቀርም።

ከዚህ በታች ያለው ለመታጠቢያ ቤትና ለኩሽና ግድግዳ ነው። የወለል ሥራ ሌላ ጣጣ አለው፤ እዚህ አልገባበትም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መሮና መዶሻ፣ ስፓቱላ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ ስኳድራ፣ ሁለት ሜትር የሆነ ስታጃ (የግድግዳ ቀጥታ መለኪያ ዘንግ)፣ ጠመኔ፣ ባልዲና ስፖንጅ። ግራይንደር ካለ ሥራ ያፋጥናል፤ አቧራው ግን ቤቱን ሙሉ ያዳርሳል። የአፍ መሸፈኛና የዓይን መነጽር አትርሱ። ስታጃ ከሌላችሁ ያልተጣመመ የአሉሚኒየም ዘንግ ይሆናል። እንጨት አይሆንም፤ እንጨት ራሱ ይጣመማል።

1. ግድግዳው ምን እንደሆነ እወቁ

ሁሉም ልስን አንድ ይመስለናል። አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ብሎኬት ላይ የተለሰነ የሲሚንቶ ልስን ነው። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ አፓርታማዎች ደግሞ የጂፕሰም ልስን በዝቷል። በሲሚንቶው ልስን ላይ ስስ የስቱኮ ወይም የጀሶ ሽፋን የተቀባበትም ሞልቷል። ሰዎችን በብዛት የሚያታልለው ይህ ሦስተኛው ነው። ከላይ ሲታይ ጠንካራ ልስን ይመስላል። ግን ውሃ ሲያገኘው እንደ ጠመኔ ይሟሟል።

መለያው ቀላል ነው። የማይታይ ጥግ ላይ በሚስማር ጫሩት። ነጭ ሆኖ በቀላሉ ከተፋቀ ጂፕሰም ወይም ስቱኮ ነው። ትንሽ አጥልቃችሁ ጫሩ። ነጩ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ከሥሩ ግራጫ ከወጣ፣ ሲሚንቶ ላይ የተቀባ ስቱኮ ነው። ነጩ ሴንቲ ሜትር ያህል ከዘለቀ ግድግዳው የጂፕሰም ነው። ድሪል ያለው ሰው አንድ ቀዳዳ ቢበሳና የሚወርደውን ዱቄት ቀለም ቢያይ ይበቃዋል።

ሁለት ዓይነት ግድግዳ ግን ለብቻው ይታይ። አንደኛው በኮንዶሚኒየም ቤቶች ክፍል ለመክፈል ያገለገለው አግሮስቶን የሚባለው ሰሌዳ ነው። ሲያንኳኩት ቀለል ያለ የሰሌዳ ድምፅ አለው። ይህ ልስን አይደለም፤ ይህ መመሪያም ለእሱ አልተጻፈም። ሁለተኛው የጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ስለተለሰነ ብሎኬት አይሆንም። ከሥር ያለው እንጨትና ጭድ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ ያብጣል፣ ይሰበሰባል። ሴራሚክ ደግሞ አይታጠፍም። የጭቃ ቤት ኩሽና ሴራሚክ ከፈለገ፣ በዚያ በኩል ስስ የብሎኬት ግድግዳ ቢገነባለት ይሻላል ባይ ነኝ። ወጪው ይጨምራል፤ ግን አንድ ጊዜ ነው።

2. አንኳኩት

የመዶሻ እጀታ ወይም አንድ ብር ሳንቲም ያዙ። ከላይ ጀምራችሁ በየአንድ ስንዝሩ አንኳኩ። ልስኑ ብሎኬቱን በደንብ ከያዘ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። ከለቀቀ ባዶ ጣሳ የመታችሁ ይመስላል። ባዶ ድምፅ የሰጠውን ሁሉ በጠመኔ ክበቡት። ጨርሳችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙና እዩት።

እዚህ ላይ የራሴን ልክ ልንገራችሁ። መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ሦስት ክቦች ከሆኑ እነሱን ብቻ አንስቶ መጠገን ይበቃል። ክቦቹ ከግድግዳው ሲሶ ካለፉ ግን መጠገኑን ተዉት። ሙሉውን አፍርሶ እንደገና መለሰን በጊዜም በገንዘብም ያዋጣል። የለቀቀ ልስን ጎረቤቱንም ይዞ ነው የሚሄድ።

ለምን እንዲህ እንደምንጠነቀቅ በክብደት አስቡት። ቀለም ለግድግዳ ሸክም አይደለም። ሴራሚክ ግን ከነሙጫው በካሬ ሃያ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሥራ አምስት ካሬ ከለጠፋችሁ ሦስት ኩንታል ግድግዳው ላይ ሰቀላችሁ ማለት ነው። ያን ሁሉ የሚሸከመው ያ የምታንኳኩት ልስን ነው።

3. እርጥበቱን ከምንጩ አድርቁ

ግድግዳው ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ከበቀለ፣ ቀለሙ ካበጠ ወይም ከተላላጠ ውሃ አለ። ጨውን በሽቦ ብሩሽ ደረቁን ጠርጉት። በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል።

እርጥበት መኖሩን ከተጠራጠራችሁ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ቁረጡ። አራቱን ጎን በፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጉና ሃያ አራት ሰዓት ተዉት። ስትከፍቱት በግድግዳው በኩል ጠብታ ካለ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው። በክፍሉ በኩል ብቻ ከሆነ የክፍሉ እንፋሎት ነው፤ መስኮት በመክፈት ይታገሡታል።

ከውስጥ ከሆነ ግን ምንጩ ሳይገኝ ሴራሚክ አታስቡ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ መጀመሪያ የላይኛው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ይታይ። እዚህ ላይ ጉርብትናም ያስፈልጋል። «ቤትዎ ያፈሳል» ብሎ ከመክሰስ «እስቲ አብረን እንየው» ብሎ ማንኳኳት ብዙ ያስኬዳል። ምድር ቤት ከሆነ ደግሞ ከመሠረት የሚወጣ እርጥበት ሊሆን ይችላል። ይህ በሴራሚክ አይድንም። ሲታፈን ከፍ ብሎ በሌላ በኩል ይወጣል።

አዲስ የውሃ መስመር ካስገባችሁ ደግሞ ቧንቧው ከመደፈኑ በፊት ይፈተሽ። የቧንቧ ሠራተኛው በእጅ ፓምፕ ግፊት ይስጠው። ጌጁ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳይወርድ ይደር። «ውሃ ለቅቀን አይተነዋል፣ አያፈስም» በሚል አትለፉት። የኤሌክትሪክ መስመርና የሶኬት ሳጥኖችም በዚህ ጊዜ ቦታቸውን ይያዙ። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ «አንድ ሶኬት ረሳን» ማለት ውድ ነው።

4. ቀለሙንና ስቱኮውን አንሱ

የእኔን ሌሊት ያበላሸው ይህ ደረጃ ነው። ስለዚህ ቆየት እልበታለሁ።

ቀለም ግድግዳውን የያዘው ራሱን ለመሸከም ያህል ነው። ሃያ ኪሎ እንዲሸከም ማንም አልነገረው። የውሃ ቀለም ሲረጥብ ይለሰልሳል። የዘይት ቀለም ደግሞ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው፤ ሙጫው የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ከሁለቱም በታች ስቱኮ ካለ ጉዳዩ ይብሳል። ቀለሙ ጠንካራ ቢሆን እንኳ ስቱኮው ይለቃል።

የዘይት ቀለምን ለማዘጋጀት የተለመደው ዘዴ በመሮ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። ግድግዳው የፈንጣጣ ጠባሳ እስኪመስል ይወጋል። ዘዴው ከምንም ይሻላል። ግን አንድ ጉድለት አለው። በጠባሳዎቹ መካከል ያለው ቀለም እዚያው ነው። ሙጫው የያዘው የተወጋውን ብቻ ነው። ብዙ ሠሪዎች ደግሞ በየሃያና በየሠላሳ ሴንቲ ሜትሩ አንድ ጊዜ ነክተው ያልፋሉ። ይህ ለዓይን ነው እንጂ ለሥራ አይደለም።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ሻወር ባለበት ግድግዳ ቀለሙና ስቱኮው ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ ግራጫው ልስን ይታይ። ውሃ በማይደርስበት የኩሽና ግድግዳ ላይ፣ ቀለሙ በደንብ የያዘ ከሆነ ብቻ፣ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ልስኑ ድረስ የዘለቀ ጠቅታ ሊበቃ ይችላል። ያ ቀለም መያዝ አለመያዙን በምላጭ ፈትኑት። እንደ መረብ አድርጋችሁ አምስት መስመር ወደ ታች፣ አምስት መስመር ወደ ጎን ቁረጡት። የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንድ ጊዜ ምንጭቅ አድርጉ። ካሬዎቹ ከፕላስተሩ ጋር ከመጡ ክርክሩ አልቋል። ይፋቅ።

አፋፋቁ እንደ ቀለሙ ነው። የውሃ ቀለምና ስቱኮ ሲረጥብ በቀላሉ ይወጣል። በስፖንጅ ሞቅ ያለ ውሃ አጠጡት፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ በስፓቱላ ግፉት። ከደረቅ ፍቂያ በጊዜም በአቧራም ይሻላል። የዘይት ቀለም ግን ውሃ አይሰማም። በግራይንደር ወይም በመሮ ነው የሚነሳው። የቆየ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በግራይንደር ስትሠሩ ልጆችና ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ አይኑሩ፣ በሩ በላስቲክ ይታፈን፣ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በመጥረጊያ ካነሳችሁት ተመልሶ ሳንባችሁ ውስጥ ነው።

ኩሽና ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ዘይት ጠጥቷል። ወጥ ሲቁላላ የኖረበት ግድግዳ ነው። ቀለሙ ከተነሳ በኋላም ቅባቱ ልስኑ ውስጥ ሊቀር ይችላል። በሞቀ ውሃና በዲተርጀንት እጠቡ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ሲደርቅ ጥቂት ውሃ ርጩበት። ውሃው ከጠለቀ ንጹሕ ነው። ጠብታ ሆኖ ከተንከባለለ ቅባቱ አለ ማለት ነው።

5. የተጎዳውን ጠግኑ

በጠመኔ የከበባችሁትን ልስን አሁን አንሱት። ጠርዙን ክብ አታድርጉት፤ ቀጥ አድርጋችሁ አራት ማዕዘን ቁረጡት። ብሎኬቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጉ፣ አርጥቡ። ውሃው ላዩ ላይ እንዲያብለጨልጭ አትፈልጉም፤ ጠጥቶ ጠቆር ማለት አለበት። ከዚያ ሲሚንቶና ውሃ እንደ ቀጭን ገንፎ በጥብጣችሁ በብሩሽ ቀቡ። ሳይደርቅ ልስኑን ደርቡ።

ድብልቁ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ ለሦስት ባልዲ አሸዋ ይሁን። በአካፋ መቁጠር ይቅር። አንዱ አካፋ ሙሉ፣ ሌላው ግማሽ ይሆናል። ጥልቀቱ ከአሥራ አምስት ሚሊ ሜትር ካለፈ በአንድ ጊዜ አትሙሉት። የመጀመሪያውን ሞልታችሁ ሲጠነክር ጫሩት፣ በማግሥቱ ቀሪውን ደርቡ።

አሸዋው ላይ ትንሽ ልቁም። ጥሩ ሲሚንቶ በመጥፎ አሸዋ ገደል ይገባል። አሸዋ ስትገዙ አንድ የብርጭቆ ማሰሮ ይዛችሁ ሂዱ። ግማሽ አሸዋ አድርጉ፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምሩ፣ በኃይል ናጡትና ለጥቂት ሰዓት አስቀምጡት። አሸዋው ከሥር ይቀመጣል። አፈሩ ከላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። በኢትዮጵያ ደረጃ የአፈሩ መጠን ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ ይባላል። አሥር ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ አፈሩ ስድስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ልኩ እዚያ ላይ ነው ማለት ነው። ሻጩ ማሰሮውን ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል። ግድ የላችሁም።

ስንጥቅ ካለ ዓይነቱን ለዩ። እንደ ፀጉር የቀጠነና የተበታተነ ከሆነ የልስኑ ብቻ ነው፤ ያን ያህል አያሰጋም። ኮንክሪት ምሰሶና ብሎኬት በሚገናኙበት መስመር ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ የተለያየ ነገር ናቸውና በየራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። ልስኑን በሁለቱም ወገን አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር አንሱ። ወንፊት ሽቦ በሚስማር ያዙበት፣ እላዩ ላይ ለስኑ። ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ የተቀበረበት ቦይም እንዲሁ ወንፊት ሽቦ ይፈልጋል። ገደድ ብሎ ደረጃ እየሠራ ብሎኬቱን የተከተለ ሰፊ ስንጥቅ ካያችሁ ግን ሴራሚኩን ተዉትና መሐንዲስ ጥሩ።

አዲሱን ልስን ቢያንስ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። በጋ ላይ ነፋስና ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ከሆነ ቀትር ላይም ጨምሩ። ልስን ጠንካራ የሚሆነው ውሃ ጠጥቶ ነው እንጂ ቶሎ ደርቆ አይደለም።

6. ቀጥ ማለቱን ለኩ

ስታጃውን ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ በሰያፍም ግድግዳው ላይ አሳርፉ። በስታጃው ሥር ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ጉድጓድ ነው። ስታጃው እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ካለ መሃል ላይ እብጠት አለ። በሁለት ሜትር ላይ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ በሙጫ ለሚለጠፍ ሴራሚክ ብዙ ነው። እብጠቱ ይፋቅ፣ ጉድጓዱ በልስን ይሞላ።

«ሙጫውን ወፈር አድርጌ አስተካክለዋለሁ» ይላል ሠሪው። አይሆንም። የሴራሚክ ሙጫ በስሱ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። ሲወፍር ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ሴራሚኩንም ይስባል። ደግሞ በዋጋ ካያችሁት ጉድጓድ በሙጫ መሙላት ማለት ሻይ ላይ ማር በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ መጨመር ነው።

ማዕዘኑንም እዩ። ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ ስድሳ፣ በሌላው ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል አንድ መቶ ከሆነ ጥጉ ልክ ነው። ድሮ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ ይለጠፍ በነበረ ጊዜ ትንሽ ጥመት በመገጣጠሚያው ይጠፋ ነበር። አሁን 60 በ120 የሚመርጠው በዝቷል። ያ ትልቅ ሰሌዳ ምንም አይደብቅም።

7. ፊቱን አታለስልሱት፤ ጊዜም ስጡት

አዲስ የሚለሰን ግድግዳ ካላችሁ ለሳኙን ቀድማችሁ ንገሩት፦ ይህ ግድግዳ ሴራሚክ የሚለብስ ነው። አለበለዚያ ጥሩ የሠራ መስሎት ደረቅ ሲሚንቶ እየነሰነሰ እንደ መስታወት ያለሰልሰዋል። ለሴራሚክ የምንፈልገው ቀጥ ያለ ግን ሻካራ ፊት ነው። እርጥብ ሳለ በመጥረጊያ ወይም ጥርስ ባለው ማልሰኛ ቢጫር በቂ ነው። ቀድሞ ከለሰለሰ ደግሞ በመሮ ወይም በግራይንደር ሻካራ ይደረግ።

ከዚያ ጠብቁ። የሲሚንቶ ልስን ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ሴራሚክ ለብሶ ሳለ ከተሸማቀቀ መሃል ላይ ያለው ሙጫ ይላቀቃል። ውሃ ማጠጣቱ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡት። ከተለሰነበት ቀን ጀምሮ 28 ቀን ከሞላ ይበልጥ ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ በቀን ብቻ አትቁጠሩ፤ የላስቲኩን ፈተና ድገሙ።

8. ጂፕሰም ከሆነ

እዚህ ሁለት ነገር አለ፤ ክብደትና ኬሚስትሪ።

ክብደቱን ካርቶኑ ላይ አንብቡት። ኪሎውም ካሬውም ተጽፏል። አንድ ካርቶን 1.44 ካሬ ይዞ 32 ኪሎ ከመዘነ፣ ሲካፈል በካሬ 22 ኪሎ ገደማ ነው። ሙጫ አራት ኪሎ ስትጨምሩበት 26 ይሆናል። በብሪታንያ የሴራሚክ ሥራ ደረጃ የጂፕሰም ልስን ከነሙጫው በካሬ 20 ኪሎ ነው የሚችለው። ስለዚህ ስስ የግድግዳ ሴራሚክ ለጥቂት ያልፋል፤ ወፍራም ፖርሴሊን (ጥቅጥቅ ያለው ጠንካራ ሴራሚክ) አያልፍም።

ኬሚስትሪው ደግሞ ይህ ነው። ጂፕሰም ውስጥ ሰልፌት አለ። ሲሚንቶ ውስጥ አሉሚኔት አለ። ሁለቱ ውሃ ሲያገናኛቸው የሚያብጥ አዲስ ነገር ይፈጠራል። ያም ከሙጫው ሥር ሆኖ ቀስ እያለ ይገፋዋል። ይህ የሚሆነው ከወራት በኋላ ስለሆነ ማንም ምክንያቱን አያውቀውም። መከላከያው በሙጫውና በጂፕሰሙ መካከል ፕራይመር (ከሙጫ በፊት ግድግዳው ላይ የሚቀባ ፈሳሽ) መቀባት ነው። ጂፕሰሙ ከተለሰነ ቢያንስ አራት ሳምንት ሆኖት ደርቆ መሆን አለበት። በውሃ አታርጥቡት።

ሻወር ባለበት ግድግዳ ላይ ግን ጂፕሰም አልመክርም። አንሱትና በሲሚንቶ ይለሰን። በፕራይመር አስታርቀዋለሁ የሚል አለ፤ እኔ በገንዘቤ አልሞክረውም።

9. አቧራና ፕራይመር

መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ አሻሹ። ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ ገና ነው። ከላይ ወደ ታች በብሩሽ ጥረጉ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ጨርሱ፤ ጂፕሰም ከሆነ ግን በደረቅ ብሩሽ ብቻ።

ነጭ ኮላን በውሃ አቅጥኖ ግድግዳ መቀባት ብዙ ቦታ ይሠራበታል። ተዉት። ኮላ ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል። እርጥቡ ሙጫ ሲያርፍበት ግን ተመልሶ ይለሰልሳል። በሙጫውና በግድግዳው መሃል እንደገና ቀለም ፈጠራችሁ ማለት ነው። ለሴራሚክ ተብሎ የተሠራ ፕራይመር ይገዛ። ጤነኛ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ብዙ ጊዜ ፕራይመርም አያስፈልገውም። ሙጫው ከመቀባቱ በፊት በእርጥብ ስፖንጅ መንካት ይበቃዋል። በሲሚንቶ ለሚያስለጥፍ ሰው ደግሞ ግድግዳው ከዚህም በላይ ውሃ መጠጣት አለበት።

10. ሻወሩ ጋ ውሃ መከላከያ

ሴራሚክ ራሱ ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። መገጣጠሚያው ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ሻወር ባለበት ግድግዳ እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ፣ በቀሪው ግድግዳ ደግሞ ከወለሉ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ መከላከያ ይቀባ። በብሩሽ ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ወደ ጎን፣ ሁለተኛው ወደ ታች። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ። ጥጎቹና ቧንቧ የሚወጣባቸው ቦታዎች የጨርቅ ቴፕ ይፈልጋሉ፤ የሚያፈሰው ሁልጊዜ በእነሱ በኩል ነው። መከላከያው ሴራሚክ የሚለጠፍበት ዓይነት መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። የጣሪያ ጥቁር ታር ላይ ሴራሚክ አይለጠፍም።

11. ሁለት ሴራሚክ መሥዋዕት አድርጉ

ሠሪው ዋናውን ሥራ ከመጀመሩ ከሦስት ቀን በፊት ይምጣ። ባዘጋጃችሁት ግድግዳ ላይ፣ በምትጠቀሙበት ሙጫ፣ ሁለት ሴራሚክ ይለጥፍ። አንዱ ሻወር በኩል፣ አንዱ ያጠራጠራችሁ ቦታ ላይ ይሁን። ለፖርሴሊን ከሆነ ከረጢቱ ላይ «ሲ2» (C2) የሚል ሙጫ ይሻላል፤ በአውሮፓ ደረጃ የመያዝ አቅሙ የተራውን የ«ሲ1»ን (C1) እጥፍ ነው።

በሦስተኛው ቀን በመሮ ንቀሉት። አልነቀልም ብሎ ከተሰበረ እሰየው። ከተነቀለ ገልብጡትና ጀርባውን እዩ። ባዶ ከሆነ ጥፋቱ ከሙጫው ወይም ከአለጣጠፉ ነው። ግራጫ የልስን ቅርፊት ይዞ ከመጣ ልስኑ ደካማ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመለሱ። ነጭ ዱቄት ካለበት ስቱኮ ቀርቷል። ክሬም ቀለም ካለበት ደግሞ መፋቂያውን እንደገና አንሱ፤ የእኔ ሦስት ሴራሚኮች ጀርባም እንዲሁ ነበር።